ድንጋዬ አጠገብ የተተከለው መብራት

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ከተማ ውስጥ ኮከቡ ሁሉ የት ይገባል? አንድ ሌሊት ገጠር ያደረ ሰው ይህን ሳይጠይቅ አይቀርም። ዛሬም ሚኒባስ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠች ሴትዮ ጠየቀችኝ። የትም አይገባም፣ እዚያው ነው አልኳት። የመንገዱ፣ የሆቴሉ፣ የነዳጅ ማደያው መብራት ሽቅብ ይወጣል፤ ከአቧራውና ከእርጥበቱ ጋር ይጋጫል፤ ተበትኖ ይመለሳል። ያኔ ሰማዩ ራሱ ያበራል። ሠርግ ቤት ድምፅ ማጉያው ሥር ቁጭ ብለሽ ሰው በጆሮሽ ሲያንሾካሹክልሽ እንደማለት ነው። ሰውዬው አልሄደም፤ ድምፁ ነው የተዋጠው።

"ታዲያ አንቺን ምን አስጨነቀሽ?" አለችና እንቅልፏን ቀጠለች።

ያስጨንቀኛል። ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ ከተመረቅኩ ዓመት አለፈኝ። ሥራ የለኝም። ያለኝ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው፤ ሮብ ገበያ ከምትባለው ከተማ በላይ፣ አጎቴ የሚኖሩበት መንደር ጀርባ፣ ኮረብታ አናት ላይ። ጨረቃ በማትወጣባቸው ሌሊቶች እዚያ ቁጭ እልና በመዳፌ የምትያዝ መለኪያ ወደ ሰማይ አነጣጥሬ የምታሳየኝን ቁጥር እጽፋለሁ። ቁጥሩ ከፍ ሲል ሰማዩ ጨልሟል ማለት ነው። ለተማሪዎች የሚሆን ቴሌስኮፕ የሚተከልበት ቦታ እየተፈለገ ነው ብለው ያስጀመሩኝ መምህሬ ደሳለኝ ናቸው። የእኔ ኮረብታ ከተመረጠች ተቀጣሪ ተመልካቿ እኔ ነኝ። ካልተመረጠች ምን እንደሆንኩ አላውቅም።

ከአምና ጥቅምት እስከ ዘንድሮ ጥቅምት፣ አንድ ዓመት ሙሉ መለካት አለበት። ክረምቱ እስከ መስከረም በመመሪያው ይታለፋል። መጋቢትን የማሳ ጭስ በላብኝ፣ ግንቦትን ደመና። ከዚህ በላይ መጉደል አይፈቀድም። የቀረችኝ ይህች ጥቅምት ብቻ ናት። እስከ ዓርብ 14 መላክ አለብኝ።

ቦርሳዬ ውስጥ፦ መለኪያዋ፣ መጠባበቂያ ባትሪ፣ ቀይ ባትሪ መብራት፣ ሹራብ (ሁለት)፣ በሶ፣ ይህ ደብተር።

ዛሬ ሮብ ገበያ አድሬ ነገ በእግር እወጣለሁ። ከሰዓት ዘንቧል። በጥቅምት ምን ዝናብ ነው ይሄ?

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ያልጠበቅሁት ነገር ጠበቀኝ።

ጠዋት መንደር ስገባ ሰው ሁሉ ፈገግ ፈገግ ይልብኛል። የእድሩ ዳኛ አያ ፈንቴ መንገድ ላይ አቁመውኝ "ማስተዋል፣ ማታ ወደ ድንጋይሽ ብቻሽን እንዳትወጪ፤ አብረን ነን" አሉ። "ምነው፣ ጅብ ገባ እንዴ?" ስላቸው ሳቁብኝ። የአጎቴ ጎረቤት እትየ ዘነቡ ከምንጭ ስትመለስ አገኘችኝ። ጀሪካኗን እንኳ ከጀርባዋ ሳታወርድ "ከእንግዲህ እንደ ጉጉት ጨለማ ውስጥ አትቀመጪም" አለችኝ። ከነፋስ የሚከልል ዳስ ሠሩልኝ ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተያይዘን ወጣን። ሃያ ሰው ይሆናል። ከፊት አጎቴ፣ የኔታ ጥበቡ፣ ጥቁር በርኖሳቸውን ደርበው። የቅኔ መምህር ናቸው። እኔም እንደ ተማሪዎቻቸው "የኔታ" ነው የምላቸው።

ድንጋዬ አጠገብ፣ ሁለት እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ የብረት ምሰሶ ቆሟል። አናቱ ላይ የፀሐይ ሰሌዳ፤ ከሰሌዳው ዝቅ ብሎ ወደ ገደሉ የተዘረጋ ረጅም ክንድ፤ ክንዱ ጫፍ ላይ አምፖል። ገና ሳይበራ ገባኝ። ማመን ግን አልፈለግሁም። ፀሐይ ጠለቀች። ሁሉም አንጋጦ ይጠብቃል። ከዚያ ቦግ!

እልልታ። ጭብጨባ። አያ ፈንቴ መረቁኝ።

"የኔታ ናቸው ያሰቡልሽ" አለች ዘነቡ።

የኔታ ድንጋዩን በመዳፋቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉና "ተቀመጪ እንጂ። ጻፊ" አሉኝ። ተቀመጥኩ። ደብተሬ ላይ እያንዳንዷ መስመር ትታያለች። ሰማዩ ላይ ምንም።

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ሰው ከወረደ በኋላ ለካሁ። 17.9። ባለፈው ጥቅምት፣ እዚሁ ድንጋይ ላይ፣ 21.7 ነበር። ደብረ ማርቆስ አደባባይ ላይ ቆሜ ብለካ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

አልተኛሁም። ያሉኝን መንገዶች ጻፍኩ።

ድንጋዩን ትቼ ከኮረብታው ማዶ መለካት። መምህር ደሳለኝ ጋ ደወልኩ። "ነጥቡ ከተቀየረ ሌላ ቦታ ነው። ከዜሮ ትጀምሪያለሽ" አሉ። ቀረ።

ማጥፋት። ማጥፊያ የለውም። ሲመሽ ራሱ በርቶ ሲነጋ ራሱ ይጠፋል። ሪሞት ነበረው አሉ፤ የገጠሙት ሰዎች ይዘውት ሄደዋል። ስልካቸውን የያዘ ሰው የለም። ቀረ።

መስበር። በወንጭፍ አንድ ድንጋይ ይበቃል። ይህን ማሰቤ ራሱ አሳፈረኝ። ቀረ።

መናገር።

ልናገር ብዬ ነበር ዘነቡ ቤት የሄድኩት። እሷ ግን አፌን አስያዘችኝ። መብራቱ ለመንደሩ የተሰጠው አንድ ብቻ ነው፤ ሊተከል የታሰበውም ወደ ምንጩ በሚወርደው መንገድ ላይ ነበር። ያ መንገድ ድጥ ነው፤ ባለፈው ክረምት እሷ ራሷ ወድቃ እጇ ተሰብሯል። እድሩ ተሰብስቦ ሲመክር የኔታ ተነሡና "የተማረችው ልጃችን ጨለማ ላይ ተቀምጣ የምትጽፈው እስከ መቼ ነው?" አሉ። መጀመሪያ እጇን ያወጣችው ዘነቡ ናት። ያችኑ የተሰበረችውን።

"እኔ መንገዱን በእግሬ አውቀዋለሁ፤ አንቺ ግን ዓይንሽ ይጠፋል" አለችኝ።

አጥንቴ ድረስ አፈርኩ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ዓመት ሙሉ "እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?" ሲሉኝ "ጥናት" ብዬ አልፋለሁ። ማብራራት ደከመኝ፤ ወይም አይገባቸውም ብዬ ናቅኋቸው። እዚህ አገር ደግሞ ጥናት ምን እንደሚፈልግ የማያውቅ የለም። የኔታ በተማሪነታቸው ጭራሮ ለቅመው በእሳቱ ብርሃን ነበር የሚያነቡት። ጭራሮው ሲያልቅ ትምህርቱም ያልቃል። "ስንት ሌሊት መጽሐፍ ታቅፌ ተኝቻለሁ" ይሉ ነበር፣ ሕፃን ሳለሁ። ጨለማ ላይ ተቀምጣ የምትጽፍ ተማሪ ሲያዩ ያዩት ራሳቸውን ነው።

እንዴት ብዬ ነው የምነግራቸው?

ማታ የጽጌ ማኅሌት ነው። እሳቸው ሌሊቱን እዚያ ይቆማሉ። ሳይናገሩኝ ሳልናገራቸው ዛሬም አለፈ።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

የሠራሁትን ማንም እንዳይሰማ።

ሌሊት፣ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ባለበት ሰዓት አምፖሉን ልሸፍን ወጣሁ። ክንዱ ወደ ገደሉ ስለተዘረጋ መሰላል አይደርስበትም። ነጠላዬን በረጅም እንጨት ጫፍ አንጠልጥዬ ወረወርኩት። በአምስተኛው ተያዘልኝ። ምን ሆነ? ነጩ ጨርቅ ብርሃኑን ጠጣና ያ ሁሉ ነጠላ ራሱ አምፖል ሆነ! በነፋሱ እየተንሳፈፈ፣ ክንፍ አውጥቶ። ላወርደው ስታገል ተንሸራተትኩ። ጉልበቴ ተላጠ። ነጠላው ገደል ገባ።

ጠዋት ከማዶ መንደር ሰው ተላከ። "ሌሊት ኮረብታችሁ ላይ ነጭ ነገር ሲያበራ አየን፤ ምን ወረደላችሁ?" ይላሉ። አያ ፈንቴ በኩራት "መብራታችን ነው" ብለው መለሱላቸው። እኔ ጉልበቴን በቀሚሴ ሸፈንኩ።

ጥቁርና ከባድ ጨርቅ ቢሆንስ? አይደርስም። ቢደርስም ነፋሱ አያቆየውም።

የዛሬ ቁጥር፦ አልለካሁም። ምን ልለካ?

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ደመና። ከጠዋት እስከ ማታ። ቾቄ ተራራ ራሱ ጠፍቷል። አሥር ሰዓት ላይ ሰማዩ ከመክበዱ የተነሣ አምፖሉ መሽቶ መስሎት በቀን በራ። ያላገጠብኝ መሰለኝ።

አባቴ ከማርቆስ ደወለ። አንድ መሥሪያ ቤት የጸሐፊ ማስታወቂያ አውጥቷል፤ ምዝገባው ዓርብ ያበቃል። "ኮከቡ እንደሆነ አይሸሽም፤ ሥራው ነው የሚያመልጥሽ" አለኝ። ኮከቡም እየሸሸ ነው ልለው ነበር። ደከመኝ። "እሺ አባ" አልኩት።

ዓመት ሙሉ ምን አገኘሁ? የስድስት ወር ቁጥር። አንድ የተላጠ ጉልበት። ከሥር ከሥር የሚበላ ሳል። ከጓደኞቼ አንዷ አግብታለች፣ አንዱ ባንክ ገብቷል። እኔ ኮረብታ ላይ ቁጭ ብዬ ጨለማ እጠብቃለሁ፤ ጨለማም አልመጣ አለኝ።

ነገ ጠዋት ዕቃዬን እይዛለሁ። በቃኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

አልሄድኩም።

ልሰናበታቸው ገብቼ ነው የነገርኳቸው። የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሰሙኝ። እየተንተባተብኩ ነበር። መብራቱ ሥራዬን እንዳበላሸው፣ የምለካው ጨለማን መሆኑን፣ የመላኪያው ጊዜ ዓርብ ላይ ማለቁን። ከዚያ አለቀስኩ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ እንደ ሕፃን በአፍንጫዬ።

በመቋሚያቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ።

"ታዲያ ሲበራ ለምን አልተናገርሽም?"

"እልል ስትሉ እንዴት ልናገር?"

"እኔ ነኝ ያጠፋሁብሽ።"

"አይደለም የኔታ። እኔ ነኝ ያልነገርኳችሁ።"

ተቀይመዋል። አይክዱም፤ ፊታቸው ላይ ነው። መብራቱን እንደ መጽሐፍ ነበር የሰጡኝ። ቡና እንኳ ሳይሉኝ ወጡ። ቀኑን ሙሉ አላየኋቸውም። ዕቃዬን ቋጥሬ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ፤ ሳልሄድ መሸ።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ መጡ። "ተነሺ" አሉኝ። ወጣን። ደመናው ተገልጦ ነበር። መብራቱ ሥር ቆመው ወደ ምሥራቅ አንጋጠጡ።

"ክማ የት ገባች?"

ክማ የሚሏት ያችን አንድ ጭብጥ የምትሆን የትንንሽ ከዋክብት ስብስብ ነው። ወጣት ሳሉ ሌሊት ለሰዓታት ጸሎት የሚነሡት ክማ የት እንደደረሰች አይተው ነበር፤ አሁን ስልካቸው ይቀሰቅሳቸዋል። ስንት ጊዜ ሆኗቸው ቀና ካሉ? ክንዳቸውን ይዤ ከትልቁ ቋጥኝ ጀርባ፣ ጥላው ውስጥ አስገባኋቸው። "ዓይንዎን ትንሽ ይጨፍኑና ይግለጡ" አልኳቸው።

ገለጡ። ክማ ከጋራው በላይ ወጥታለች። ፍኖተ ሐሊብ ከአናታችን ላይ ወደ ምዕራብ ተዘርግቷል፤ ዱቄት እንደተበተነበት መንገድ።

"እዚሁ ናት ለካ" አሉ። ከዚያ ከጥላው ወጡ። ከዚያ ተመልሰው ገቡ። ሦስት ጊዜ ወጥተው ገቡ። ሳቄ መጣ።

"ይህን ነው የምትጽፊው?"

"ይህን ነው።"

"ጥናት አልሽን እኮ።" ራሳቸውን ነቀነቁ። "በይ እንዴት ነው የሚጠፋ?"

እንዴት እንደሚጠፋ ሰኞ ዕለት አምፖሉ ራሱ ነግሮኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት። ሰሌዳው ፀሐይ ካላየ መሽቷል ብሎ ያበራል። ስለዚህ ከማለዳ ጀምሮ ሰሌዳውን መሸፈን ነው። ቀኑን ሙሉ ሳይሞላ ይበራል፤ ማታ ባዶ ይሆናል። ሰሌዳው ምሰሶው ላይ ስለሆነ መሰላል ይደርስበታል።

ይሠራል? አላውቅም። የፊዚክስ ምሩቅ ነኝ፤ አላውቅም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

በማለዳ፣ ከቅዳሴ በፊት፣ የኔታ መሰላሉን ያዙልኝ። በርኖሳቸውን አውልቀው ሰጡኝ። "ከሱ የሚጠቁር ነገር ቤቴ የለም" አሉ። ሰሌዳውን ጠቅልዬ በገመድ አሰርኩት። አምፖሉ ወዲያው በራ። ፀሐይዋ እየወጣች!

ዛሬ ደግሞ የሮብ ገበያ ቀን ነው። አገሩ ሁሉ በኮረብታው ሥር ያልፋል።

"ምነው፣ ፀሐይ አልበቃ አላችሁ?"

"ተዉአቸው፣ ለቀንም ለሌትም ታድለው ነው!"

"የኔታ፣ ምሰሶው በረደው እንዴ? በርኖስ አልብሰውታል!"

የኔታ በአንድ ነጠላ እየተንዘፈዘፉ "አዎ፣ አተኩሶታል" ይላሉ። አያ ፈንቴ እየሮጡ መጡ። የእድሩ ንብረት ተበላሸ ብለው ነው፤ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ። ሰው ተሰበሰበ። ከዚህ ወዲያ መሸሽ የለም። ድንጋዩ ላይ ወጣሁና ዓመት ሙሉ ያልተናገርኩትን ተናገርኩ። ሰማይ እንደሚለካ። የመብራት ጭላንጭል እንኳ እንደሚያበላሸው። እንዳልነገርኳቸው። ይቅርታ።

መጀመሪያ የጠየቀችኝ ዘነቡ ናት።

"ቆይ፣ ጨለማ ነው ስትፈልጊ የነበረው?"

"አዎ እትየ።"

"እሱን ብለሽ ነው እንዴ! በየቤታችን ሞልቶን! ብትጠይቂኝ እኔ ቤት ያለውን አሸክምሽ ነበር።"

መንደሩ ሳቀ። አያ ፈንቴም ሳቁ፣ ሳይወዱ። እኔ ስስቅ ጉልበቴን አመመኝ።

ከዚያ ጥበቃ። ቀኑ አልመሽ አለ። አሥራ ሁለት ሰዓት፦ ይበራል። አንድ ሰዓት፦ ይበራል። ሁለት ሰዓት ላይ ቢጫ ሆነ። ከዚያ ቀላ። ከዚያ እንደ ከሰል። ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ሞተ። ማንም እልል አላለም። ዘነቡ ብቻ "ነፍስ ይማር" አለች።

ዓይኔና ሰማዩ እስኪረጋጉ አንድ ሰዓት ያህል ቆየሁ። ከዚያ ለካሁ። አምስት ጊዜ።

21.4። 21.4። 21.3። 21.4። 21.4።

ባለፈው ጥቅምት 21.7 ነበር።

አምፖሉ ጠፍቷል። ጨረቃ የለችም። ደመና የለም። ነጥብ ሦስቷ የት ሄደች? ሰማይ ያለ ሰው መብራትም ትንሽ ያበራል፤ አየሩ ራሱ፣ ከሌሊት ሌሊት ይለያያል። እሱ ይሆናል አልኩ። ከዚያ ወደ ደቡብ ዞርኩ። ወደ ማርቆስ። ከጋራው ጀርባ እንደ ሊጥ ኩፍ ያለ ብርሃን ተቀምጧል። አምና አልነበረም። ወይም ነበር፤ ይህን ያህል አልነበረም። እዚያ በርኖስ የሚደርስበት አይደለም።

ተከታታዩን ሞላሁት። ሞልቼው የሚነግረኝ ይህን ነው። ኮረብታዬ ሳልጀምር እያለቀች ነው።

የኔታ "ተገኘ?" አሉኝ። "ተገኘ" አልኳቸው። ደስ አላቸው። ዝም አልኩ። ከዚያ ዝም ማለት ምን እንዳመጣብኝ ትዝ አለኝና ሁሉንም ነገርኳቸው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ኔትወርክ ፍለጋ ሮብ ገበያ ወረድኩ። ላክሁት። ያገኘሁትን ቁጥር እንዳለ። 21.7 ብጽፍ ማን ያውቅብኛል? ሃምሳ ጊዜ አስቤዋለሁ። ግን ዘነቡ ምንጭ መንገዷን የሰጠችው ለውሸት ቁጥር አይደለም።

ከመምህር ደሳለኝ የመጣው መልስ አንድ ቃል ነው፦ "ደርሶኛል።" ጥሩ ይሁን መጥፎ አላውቅም። አሥር ጊዜ አነበብኩት፤ ሌላ ነገር አልወጣውም። አባቴ የነገረኝ የሥራ ምዝገባ ነገ ያበቃል። እመዘገባለሁ መሰለኝ። አላውቅም።

አያ ፈንቴ ምሰሶው ተነቅሎ ወደ ምንጩ መንገድ ይውረድ ብለዋል። ዘነቡ ከዘይት ቆርቆሮ ቆብ እያሠራችለት ነው፤ ብርሃኑ ወደ እግሯ ብቻ እንዲወርድ። "ሰማዩን ለአንቺ፣ ድጡን ለእኔ" አለችኝ። አንድ አምፖል ነው። ማርቆስ ስንት ቆብ ይበቃታል?

ቢሆንም ይህችን ገጽ ገልብጬ ዛሬ አብረውኝ ለተመረቁት ሁሉ በቴሌግራም እልካለሁ፤ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይም እለጥፋታለሁ። እንዲህ ትላለች፦

በመጪው ኅዳር ጨረቃ በማትኖርበት ሌሊት፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ የደጃችሁን መብራት ለአንድ ሰዓት አጥፉልኝ። ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ታገሡ። ወደ ምሥራቅ ቀና በሉና ክማን ፈልጉ። ውስጧ ያሉትን ቁጠሩ። የቆማችሁበትን ቦታና የቆጠራችሁትን ጻፉልኝ፤ መጻፍ የማይችል በሚችል ያስጽፍ። ስድስት ካያችሁ ስድስት በሉ። ምንም ካላያችሁም "ምንም" ብላችሁ ጻፉ፤ እሱም መልስ ነው፣ እኔ ደግሞ መልስ እፈልጋለሁ።

የኔታ ኅዳርን መጠበቅ አልቻሉም። ትናንት ማታ ቆጥረው አምስት ብለዋል። በቆጣሪዎች ዝርዝሬ ላይ ስማቸውን ከላይ ጽፌዋለሁ፤ ከሥራቸው ያለው መስመር ባዶ ነው።